ተንቀሳቃሽ ሥዕል በመማሪያ ክፍል፤ ከሐይቅና ከአምባሰል በኩል ሲታይ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከተንጣለለው ውኃ ነው። በቀድሞው አስተዳደር የአምባሰል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ከእርሷ በስተሰሜን የምትገኘው ውጫሌ ናት። ይህ አካባቢ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። ሆኖም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገሪቱ መማሪያ ክፍሎች የገባበት ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ እንዲህ ያለው የገጠር አውራጃ ከዳር ይቀራል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በአዲስ አበባ ካለው ማሠራጫ ጣቢያ በኩል ነው። ከተቀባዩ ክፍል በኩል ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል።

ከዚህ ወገን ሲታይ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የመሣሪያው መድረስና አለመድረስ ነው። መሣሪያው ከደረሰም በኋላ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ሥዕሉን የሚያቆመው፣ የሚመልሰውና የሚያስቀጥለው ማን ነው? ልጁ ያልተረዳው ነገር እስኪገባው ድረስ ሥዕሉ ይጠብቀዋል ወይስ ጥሎት ይሄዳል? በኢትዮጵያ የትምህርት ቴሌቪዥን ታሪክ የታየው ውጤትም ሆነ ድካም፣ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

ገበታና ሉሕ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ። በዚያ የተማሩ መነኮሳት ወደ ልዩ ልዩ አገር ተሠማርተው ገዳማትን መሥርተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ገብተው እንደ ተማሩ በገድላት ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት የወንጌል መጽሐፍ ከዘመን ወደ ዘመን ተላልፎ መቆየቱ፣ ቦታው መጻሕፍትን በመጠበቅ ረገድ ምን ያህል የተጋ እንደ ነበር ያስረዳል።

በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ውስጥ ሥዕል የራሱ ቦታ ነበረው። ማንበብ ለማይችለው ምእመን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለው ታሪክ እንደ መጽሐፍ ያገለግል ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ብቻውን አያስተምርም። የሚያውቀው ሰው በእጁ እያመለከተ ይተርካል፤ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ያላስተዋለውንም መልሶ ያሳያል። ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ደግሞ ገበታውን ይዞ፣ በስንደዶ እያመለከተ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው ይለያል። ሀ ሁን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ሳይለይ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም።

ወሎ የእስልምና ትምህርትም አገር ነው። በቁርኣን ቤት የሚማረው ልጅ ትምህርቱን ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል። የተጻፈው በቃል ከተያዘ በኋላ ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል፤ ሳይያዝ አይታጠብም። በሁለቱም ወገን ደንቡ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ተማሪውን ይጠብቃል። ይህ ጥንታዊ ትምህርት የራሱ ጉድለት አላጣውም፤ ቃልን ከማስጠናት አልፎ ጠይቆ መመርመርን ለጀማሪው ልጅ እምብዛም አያለማምድም ተብሎ ብዙ ተተችቷል። በትምህርቱ ፍጥነት ላይ ግን መምህሩና ተማሪው እንጂ ሌላ አዛዥ አልነበረም።

ቴሌቪዥን በርእሰ ከተማው፣ ሬዲዮ በክፍለ ሀገሩ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ቴሌቪዥንም ብዙ ሳይቆይ በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ የተመረጠ መምህር በስቱዲዮ ሆኖ በሚገባ የተዘጋጀበትን ትምህርት ያቀርባል፤ በየክፍሉ ያለው መምህር አስቀድሞ ተማሪዎቹን ያዘጋጃል፤ ሥርጭቱ ሲያበቃ ደግሞ ይጠይቃል፣ ያብራራል፣ ያለማምዳል። የሠለጠነ መምህርና የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት ለነበረበት አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር።

ይሁን እንጂ የቴሌቪዥኑ ሞገድ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አላለፈም። ለአምባሰል ልጅ ቴሌቪዥን በወሬ የሚሰማ ነገር ሆኖ ቆየ። ከዚህም በላይ ሥርጭት በባሕርዩ የሰዓት እስረኛ ነው። ትምህርቱ በተወሰነው ደቂቃ ይጀምራል፤ በተወሰነውም ደቂቃ ያበቃል። ያመለጠው ክፍል አመለጠው፤ ያልገባውም ልጅ አልገባውም።

ወሎና ቴሌቪዥን በአንድነት የተነሡበት ታላቅ አጋጣሚ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የተፈጸመ አልነበረም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ከዓመት ያህል በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የረኃቡ ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለአስተማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ኃይለኛ ነው፤ ትርጕሙንም የሚወስነው በየትኛው ሥዕል አጠገብ መቀመጡ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን የወሎ ገበሬ በመስኮቱ ውስጥ የሚታይ እንጂ በመስኮቱ ፊት ተቀምጦ የሚያይ አልነበረም። ሥዕሉ ከወሎ ይወጣ ነበር፤ ወደ ወሎ ትምህርት ቤት ግን አይገባም ነበር።

ወደ ክፍለ ሀገር የደረሰው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ዋጋው ርካሽ፣ ባትሪው በቀላሉ የሚገኝ፣ ሞገዱም ተራራ የሚሻገር በመሆኑ የትምህርት መገናኛ ብዙኃን ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በሬዲዮ ተጠቅሟል። በዚያው ዘመን በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት ደግሞ መምህራን ከካርቶን፣ ከሸክላ፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የማስተማሪያ መሣሪያ እንዲሠሩ አደረጉ። እነዚህ ማዕከላት በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይጠቀሱም። ሆኖም ከማሠራጫ ጣቢያው ይልቅ ለገበታው ደንብ የቀረቡት እነርሱ ነበሩ። ከሸክላ የተሠራ የተራራ ቅርጽ መምህሩ ባሰኘው ሰዓት ይወጣል፤ ልጁ ዳስሶት እስኪያበቃ ድረስም ይጠብቃል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ፈተና በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካን ሳሞአ ደሴቶች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርቱ ዋና ክፍል ከስቱዲዮ እንዲሰጥ ተደረገ፤ የክፍሉ መምህር ረዳት ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መምህራን ሥራቸውን መልሰው በመጠየቃቸው የቴሌቪዥኑ ድርሻ እየቀነሰ ሄደ። ኮትዲቯር በ1971 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ ለመመሥረት ሰፊ ዕቅድ ጀመረች። ወጪው እየከበደ፣ የመምህራንና የወላጆች ቅሬታም እየበረታ በመሄዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዕቅዱ ቆመ።

ሕንድ ደግሞ ከአሜሪካ በተዋሰችው ሳተላይት አማካይነት ከ1975 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓመት በስድስት ክፍላተ ሀገር ለሚገኙ 2,400 መንደሮች ሥርጭት አስተላለፈች። ጠዋት ጠዋት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች፣ ማታ ማታ ለገበሬዎች የሚሆን መሰናዶ ይቀርብ ነበር። መብራት ባልገባበት መንደር በባትሪ የሚሠራ ቴሌቪዥን ተተክሎ ነበር። ዓመቱ ሲያበቃ ሳተላይቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ሙከራው ሥዕል ወደ ሩቅ መንደር ሊደርስ እንደሚችል በሚገባ አረጋገጠ። ምንጩ በሌላ እጅ ያለ ነገር በተፈለገ ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችልም አብሮ አሳየ።

የፕላዝማ ዘመን

ኢትዮጵያ ወደ መማሪያ ክፍል ሥዕል በሰፊው የተመለሰችው በ1997 ዓ.ም. ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ‹‹ፕላዝማ›› በሚል ስም የታወቀው ሰፊ መስኮት በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ትምህርቱም ከአዲስ አበባ በሳተላይት ተላለፈ። መሰናዶው በአብዛኛው የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም ትምህርቶች በአንድ ሰዓት በአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ይሰጡ ነበር።

የዕቅዱ ዓላማ የሚናቅ አልነበረም። በአዲስ አበባ ያለው ተማሪና በገጠር ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ቢያንስ ሙከራውን በሥዕል እንዲያይ ታስቦ ነበር። አንዳንዱም መሰናዶ በእርግጥ የረቀቀ ነበር፤ የአቶም ቅርጽና የልብ አሠራር በጠመኔ ከሚሣለው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይታይ ነበር።

ድካሙ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል፤ የመካከሉ ጊዜ የመስኮቱ ነበር። መስኮቱ ጥያቄ ይጠይቅና ለመልስ የተወሰነ ሰኮንድ ይሰጣል፤ ሰኮንዱ ሲያልቅ፣ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። መምህሩ ‹‹ቆይ›› ሊለው አይችልም። መብራት ከጠፋም ያ ቀን ትምህርት የለም። መስኮቱ ሲጠፋና ሲበራ መቆጣጠር ብቻ የቀረላቸው መምህራን፣ ከመምህርነት ወደ መሣሪያ ጠባቂነት ወርደናል እያሉ ማማረራቸው በየጊዜው በተደረጉት ጥናቶች ተመዝግቧል።

ከሁሉ የበለጠው እንቅፋት ቋንቋው ነበር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ነበር፤ በሐይቅና በአምባሰልም ልጆች በአማርኛ ተማሩ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ በእንግሊዝኛ የሚናገረው መስኮት ጠበቃቸው። እስከዚያ ድረስ በክፍላቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይተው ለማያውቁት ልጆች፣ የመጀመሪያው መስኮት የማይቆምና በማያዳምጡት ቋንቋ የሚናገር ሆነ።

በሁለት ቋንቋዎች መካከል የሚፈጠር ክፍተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከማንም ይልቅ ይህ አካባቢ ሊመሰክር ይችላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሡ ቢፈቅዱ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች ነገሥታት ጋር ሊጻጻፉ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። የውሉ ክርክር እስከ ዓድዋ አደረሰ። በመማሪያ ክፍል የሚፈጠረው ክፍተት ጦርነት አያስነሣም። ሆኖም መምህሩ አቁሞ ካልተረጎመው፣ መስኮቱ የተናገረውና ልጁ የሰማው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይቀራሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀውም በፈተና ቀን ነው።

የፕላዝማው ታሪክ አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ያደርጋል። ዕቅዱ የአንደኛ ደረጃን ዘሎ አለፈ። የማየት፣ የመጠየቅና የመገመት ልማድ የሚተከልበት ዕድሜ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሲታለፍ፣ ውዱ መሣሪያ ልማዱ ባልተተከለበት ክፍል ተሰቀለ።

የተቀዳ ሥዕልና የመምህሩ እጅ

ከሥርጭት የተለየው ሁለተኛው መንገድ የተቀዳ ሥዕል ነው። የቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎም ዲቪዲ፣ በመጨረሻም ፍላሽና የእጅ ስልክ፣ ከማሠራጫ ጣቢያው ያልተገኘውን አንድ ነገር አመጡ፤ ሥዕሉን ማቆም ተቻለ። ለአንደኛ ደረጃ መምህር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ገበታው ወደ ጥንት ደንቡ የሚመለስበት በር ነው።

ለሕፃናት ከተዘጋጁት የአማርኛ መሰናዶዎች መካከል በሰፊው የታወቀው ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› በ1990ዎቹ ማብቂያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። አዘጋጇ ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ አስቀድመው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። የታሪኩ ባለቤት የስድስት ዓመት ልጅ የሆነችው ቀጭኔ ፀሐይ ናት፤ አሻንጉሊቶቹም መጀመሪያ በቤት ውስጥ በእጅ የተሠሩ ነበሩ። መሰናዶው በውጭ አገር ሽልማት አግኝቷል፤ አዘጋጇም በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ መማሪያ ክፍል የሚያስብ ሰው ከዚህ ታሪክ ሊይዘው የሚገባው ግን ከሽልማቱ ይልቅ ምንጩን ነው። መሰናዶውን የጀመሩት ልጆች የት ላይ እንደሚሰናከሉ በክፍል ውስጥ ቆመው ያዩ መምህርት ናቸው፤ ልጆቹንም ያነጋገሩት በሚያልሙበት ቋንቋ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ አገሪቱ እንደገና ወደ ሥርጭት ዞረች። ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን፣ ለአንደኛ ደረጃ ደግሞ በዋናነት ሬዲዮ ተመደበ። መብራትና መሣሪያ በሌለበት ቤት ያለው ልጅ በዚያን ጊዜ ከትምህርት ተለይቶ ከረመ። ሥርጭት መምህር አጠገቡ ለሌለው ልጅ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያ ወቅት በግልጽ አሳየ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ምን ሊሠራ ይችላል? ለሐይቅ ልጅ የሐይቅን ሥዕል ማሳየት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ውኃው በደጁ አለ። በእግር ወርዶ ማየት ይችላል። ነገር ግን የሐይቁ ውኃ ከላይ የሚፈስስ መውጫ ወንዝ የለውም። መምህሩ ልጆቹን ወደ ዳርቻው ወስዶ ‹‹ዝናብና ወንዝ በየክረምቱ ይገቡበታል፤ ታዲያ ለምን ሞልቶ አይፈስስም? ውኃው ወዴት ይሄዳል?›› ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ። ከዚያ ወደ ክፍል ተመልሰው ውኃ በፀሐይ ሙቀት ወደ ተን ሲለወጥ፣ ተኑም ደመና ሲሆን የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ሥዕል ቢያዩ፣ ሥዕሉ ለጥያቄያቸው መልስ ይሆናል። በዐይን የማይታየውን ያሳያል፤ በደጅ ያለውን ግን አይተካም።

አሠራሩም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ ሥዕሉ ብቻ ይታያል፤ መምህሩ በልጆቹ ቋንቋ ይተርካል። ሁለተኛ ሲታይ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይቆማል፤ ‹‹አሁን ምን ይመጣል?›› ተብሎ ይጠየቃል። ሦስተኛ ከነድምፁ ይታያል። ቁጥራቸው ለበዛ ልጆች የስልክ መስኮት ጠባብ በመሆኑ በቡድን በቡድን ይቀርባሉ፤ ቀሪዎቹ ያዩትን በደብተራቸው ይሥላሉ። ይህን የሚያደርግ መምህር አስቀድሞ ሥዕሉን ራሱ ብዙ ጊዜ ማየት አለበት። ድካሙ ከጠመኔው አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ሥዕል የመምህርን ሥራ ያቃልላል የሚለው ተስፋ በየትኛውም አገር አልተፈጸመም።

ጦርነቱ የተወው ትምህርት

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ዘለቀ። ውጫሌና ሐይቅ የውጊያ ቀጣና ሆኑ፤ ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር ማብቂያ በውጊያው ውስጥ ቆዩ። በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደረሰባቸው፤ በረጅም ዓመታት የተጠራቀመ መጽሐፍ፣ ኮምፒዩተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ ተዘረፈ ወይም ወደመ። ትምህርት ሲቀጥል በብዙ ቦታ የቀረው መምህሩ፣ ልጆቹና ባዶው ክፍል ነበሩ።

ለትምህርት መሣሪያ ታሪክ ይህ መራራ ማስታወሻ ነው። በአንድ ክፍል ተሰብስቦ የተቆለፈ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች መጻሕፍትን የሚገለብጡት አንዱ ቅጂ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ጭምር ነበር። የተቀዳ ሥዕል ከብራና ይልቅ በቀላሉ ይገለበጣል። በየመምህሩ ኪስ፣ በየትምህርት ቤቱና በመምህራን ኮሌጁ የሚገኝ ቅጂ እንደ ተሰቀለ መስኮት በአንድ ቀን አይወድምም። ከሁሉ በላይ ግን የሚተርፈው ሥዕሉን እንዴት እንደሚያቆም፣ የት ላይ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ መምህር ነው።

ማጠቃለያ

ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ባለፉት ዓመታት መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከአዲስ አበባ አካባቢ ብዙ ካላለፈው ቴሌቪዥን ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ሳተላይት፣ ከሳተላይት ወደ እጅ ስልክ ተሸጋግሯል። በየጊዜው የመጣው መሣሪያ ካለፈው የተሻለ ኃይል ነበረው። መምህሩን አልፎ በቀጥታ ልጁን ለማስተማር በሞከረ ጊዜ ግን በሳሞአም፣ በኮትዲቯርም፣ በኢትዮጵያም ተመሳሳይ እንቅፋት አጋጥሞታል።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት እንዲገባ በሚታሰብበት ጊዜ መምህራን በማኅበራቸው አማካይነት አስቀድመው ሊያነሡአቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሥዕሉ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? መብራት በጠፋ ዕለት ትምህርቱ እንዴት ይቀጥላል? መሰናዶው ሲዘጋጅ ስንት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ተጠይቀዋል? የመቆሚያውስ ቁልፍ በማን እጅ ነው? የፕላዝማው ዘመን እነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያው ከተሰቀለ በኋላ ሲነሡ መልሳቸው ምን ያህል ውድ እንደሚሆን አሳይቷል። በሐይቅና በአምባሰል እንደገና የተከፈቱት የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ወደ ፊት የሚያገኙት መሣሪያ ምንም ይሁን ምን፣ ጥያቄዎቹ ግዥው ከመፈጸሙ በፊት በጠረጴዛው ላይ ሊቀርቡ ይገባል።